ስትራቴጂው ጸድቆ ሥራው ለምን ባለበት ይቀራል? የተቋም ባህልና የዕቅድ አፈጻጸም በመንግሥት ሚኒስቴሮች

የቀድሞ የዕቅድ ባለሙያ፦

ውድ ተሳታፊዎች፣ በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። በዚያ ጊዜ ሁለት የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅዶች ሲዘጋጁ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ ማጽደቂያው ስብሰባ ድረስ አልተለየሁም፤ ሁለቱም በሦስተኛው ዓመታቸው አካባቢ የውሃ ሽታ ሆነው ሲቀሩም አይቻለሁ። ሰነዶቹ ደካማ አልነበሩም። የሁኔታ ትንተናቸው የተሟላ፣ ግቦቻቸው የሚለኩ፣ ወደ መምሪያና ወደ ግለሰብ የወረዱ ነበሩ። ስለዚህ ችግሩን በሰነዱ ገጾች ላይ መፈለጌን ትቼ ሰነዱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ። ለውይይት የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፦ የአንድ ሚኒስቴር የተቋም ባህል የስትራቴጂውን አፈጻጸም የሚወስነው በምን በኩል ነው?

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝን አንድ ቀን ልንገራችሁ። የሦስተኛው ሩብ ዓመት ግምገማ ነበር። አንድ ዳይሬክተር ተነሥቶ 40 ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ወደ አዲሱ አሠራር መግባት ሲገባቸው የገቡት 9 ብቻ መሆናቸውን፣ ምክንያቱንም ጭምር፣ ሳይሸፋፍን ተናገረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ተጠየቀ። ከተሰነዘሩት ጥያቄዎች መካከል «ምን እናግዝህ?» የሚል አንድም አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የቀረቡት፣ አፈጻጸማቸው ከእርሱ የማይሻል ሌሎች ኃላፊዎች፣ «ሥራው በሂደት ላይ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እያነበቡ በአምስት በአምስት ደቂቃ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ያ ዳይሬክተርም «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ሪፖርቱን ያጠናቀርኩት እኔ ስለነበርኩ ቁጥሩ ከ9 ወደ 11 ብቻ ከፍ ማለቱን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን እኔም ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በእኔ እምነት ያ ስትራቴጂ ያበቃለት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ማንኛውም የአምስት ዓመት ዕቅድ ስለ ወደፊቱ የተጻፈ ግምት ነው፤ ግምቱ የሚታረመው ከታች ያለው እውነት ወደ ላይ ሲደርስ ነው፤ እውነቱ ወደ ላይ መድረሱንና አለመድረሱን የሚወስነው ደግሞ ይዞት የመጣው ሰው ምን ይደርስበታል የሚለው፣ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ልማድ ነው። እኔ የተቋም ባህል የምለው ይህንን ነው። የእናንተን ልምድ ለመስማት እፈልጋለሁ።


የአስተዳደር ተማሪ፦

የገለጹት ነገር የተቋም ባህል ምሁሩ ኤድጋር ሻይን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካስተማሩት ጋር ቀጥታ ይገናኛል። ሻይን የተቋምን ባህል በሦስት ንብርብር ከፍለው አሳይተዋል። የላይኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ ሕንጻው፣ አደረጃጀቱ፣ የስብሰባው ሥርዓት፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለው የራዕይና የተልዕኮ ሰሌዳ በዚህ ይካተታሉ። ከእርሱ ሥር ተቋሙ አምንባቸዋለሁ ብሎ የሚያውጃቸው እሴቶች አሉ። ከሁሉም ታች ደግሞ ሠራተኞቹ በቃል የማይናገሩት፣ ብዙ ጊዜም መኖሩን ልብ የማይሉት መሠረታዊ እሳቤ ይገኛል።

እርስዎ የነገሩን ግምገማ በመጀመሪያው ንብርብር ሲታይ የተሟላ ሥርዓት ነው፤ አጀንዳ፣ ቃለ ጉባኤና የሪፖርት ቅጽ አለው። በሁለተኛውም «ግልጽነትና ተጠያቂነት» የሚሉ እሴቶች ታውጀዋል። በሦስተኛው ያለው እሳቤ ግን «ቁጥርን በግልጽ የተናገረ ይጎዳል» የሚል ነበር። ሦስቱ ሲጋጩ የሚያሸንፈው ምንጊዜም የታችኛው ነው። የለውጥ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ገንዘባቸውን የሚያወጡት በላይኞቹ ሁለት ላይ ነው፤ መዋቅር ይከለሳል፣ እሴቶች እንደ አዲስ ይጻፋሉ፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ያ አዳራሽ ግን እንደነበረ ይቆያል።

አንድ ማሻሻያ ብቻ ልጨምር። «የሚኒስቴሩ ባህል» ብለን በነጠላ ስንናገር እንሳሳታለን። በአንድ ሕንጻ ውስጥ የሕግ ክፍሉ፣ የፋይናንስ ክፍሉ፣ የመስክ ባለሙያዎቹና ከፖለቲካ የመጡት ሹማምንት የየራሳቸው ልማድ አላቸው። «በፍጥነት መፈጸም» የሚለው ግብ ለመስክ ባለሙያው ነጻነት ሲመስለው ለፋይናንስ ኃላፊው ነገ በኦዲት የሚጠየቅበት አደጋ ሆኖ ይታየዋል። ሁለቱም በየበኩላቸው ቅን ሊሆኑ ይችላሉ።


የመምሪያ ኃላፊ፦

በአክብሮት አልስማማም። «ባህል» የሚለው ቃል ማንም በስሙ የማይጠየቅበት መጠለያ እየሆነ ነው። እኔ የምመራው መምሪያ ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት የበላይ ኃላፊዎች ተፈራርቀውበታል። እያንዳንዱ ሲመጣ የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ሆኖ የቀደመው ሰው ያስጀመረው ሁሉ በእንጥልጥል ይቀራል። ስትራቴጂው የአምስት ዓመት ነው፤ በጀቱ የአንድ ዓመት ነው። ስትራቴጂው በውጤት ይናገራል፤ በጀቱ ግን በደመወዝ፣ በነዳጅ፣ በጽሕፈት መሣሪያና በጥገና አርዕስት ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ከአንዱ አርዕስት ወደ ሌላው ለማዛወር ደግሞ ፈቃዱ ሲመጣ የበጀት ዓመቱ ያልቃል። በዚህ ላይ ዋናውን ግብ ለማሳካት የሦስት ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ትብብር ያስፈልጋል፤ ሦስቱም ይህን ግብ በራሳቸው ዕቅድ ውስጥ አልያዙትም።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ሠራተኛው «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ቢጽፍ የባህል ጉድለት አለበት ልንል አይገባም። ነገሩ በእርግጥም በሂደት ላይ ነው፤ ሂደቱ ግን በእጁ አይደለም። መዋቅሩና የበጀት ሥርዓቱ ይስተካከል፤ ልማዱ ተከትሎ ይመጣል።


የቀድሞ የዕቅድ ባለሙያ፦

ስለ በጀቱ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ በእኔም ላይ ደርሷል። ነገር ግን ስለ ሹማምንት መፈራረቅ የተናገሩትን ወደ ራሱ ልመልሰውና ልጠይቅዎ። አዲስ የሚመጣው ኃላፊ የቀደመውን ሥራ እንዲተው የሚያስገድደው የትኛው ሕግ ነው? እኔ እስከማውቀው አንድም የለም። የሚተወው የሌላ ሰው ስም ያለበትን ዕቅድ ማስቀጠል እንደ ደካማነት ስለሚቆጠር፣ ከታች ያሉትም «የአዲሱ ሰው ፍላጎት እስኪታወቅ» ብለው እጃቸውን ስለሚሰበስቡ ነው። መዋቅር ያመጣው ነገር ለዓመታት ሲደጋገም ልማድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መዋቅሩ ቢነሳም ልማዱ አብሮት አይነሳም። ስለዚህ የእርስዎና የእኔ ልዩነት ከየት እንጀምር የሚለው ላይ ይመስለኛል።


የውስጥ ኦዲተር፦

ይህ ጉዳይ በድሆች ወይም በደካማ መንግሥታት ብቻ የሚታይ እንዳይመስለን፣ በሰነድ የተረጋገጠ አንድ ትልቅ ጉዳይ ላቅርብ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዮችን ዕዳ በኮምፒውተር ለማስላት የተዘረጋ ፕሮግራም ነበር፤ ሕዝቡ ሮቦዴት ይለዋል። አሠራሩ አንድ ሰው ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳወቀውን የዓመት ገቢ ወስዶ በየሁለት ሳምንቱ እኩል እንዳገኘ አድርጎ ያካፍላል፤ ከዚያም በዚያ ግምት መነሻ ከልክ በላይ ድጎማ ተቀብለሃል ብሎ ዕዳ ይልካል። ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ወር ሥራ ፈትቶ የከረመ ሰው፣ በሥራ ፈትነቱ ወራት በሕጋዊ መንገድ የተቀበለውን ድጎማ መልስ ተባለ ማለት ነው። ዕዳው የተላከው ከ400,000 ለሚበልጡ ሰዎች ነበር።

ለዚህ ውይይት ዋናው ነጥብ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ፕሮግራሙ ከመጽደቁ በፊት፣ በ2014 መጨረሻ፣ ጉዳዩ በቀጥታ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ የሕግ ባለሙያዎች ይህ ስሌት ከሕጉ ጋር እንደማይስማማ በጽሑፍ አስታውቀው ነበር። ምክሩ በመዝገብ ውስጥ ነበር፤ ለካቢኔ የቀረበው ሐሳብ ግን የሕግ ማሻሻያ አያስፈልግም የሚል ሆኖ ወጣ። ጉዳዩን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን (በመንግሥት የሚሰየም ከፍተኛ መርማሪ አካል) ሪፖርቱን በሐምሌ 2023 ሲያወጣ ፕሮግራሙን ጨካኝ፣ ፍትሐዊም ሕጋዊም ያልሆነ ሲል ገለጸው፤ ከፍተኛ የሥራ ኃላፊዎች ሚኒስትሮቻቸው መስማት የማይፈልጉትን ምክር በግልጽ አለመስጠታቸውንም አነሣ።

ይህን ከሙያዬ አንጻር ሳየው አንድ ነገር ይገርመኛል። ደንብ ነበረ፤ የሕግ ክፍል ነበረ፤ ምክሩም ተጽፎ ነበረ። በመዋቅር ደረጃ የጎደለ ነገር አልነበረም። የጎደለው፣ የተጻፈውን ወረቀት ይዞ አንድ ፎቅ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ወጥቶም በሰላም የሚመለስ ሰው ነበር። ስለዚህ ለመምሪያ ኃላፊው የምለው፣ መዋቅርን ማስተካከል አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ ይህ ጉዳይ ያሳያል።


በአገልግሎት መስኮት፦

እኔ ከምሁራኑም ከኃላፊዎቹም አይደለሁም። ባለጉዳይ የሚቀርብበት መስኮት ላይ እሠራለሁ፤ ስትራቴጂው ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ስለሆነ አስተያየቴን ልስጥ።

የእኛ መሥሪያ ቤት ዕቅድ አንድን ፈቃድ የመስጫ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 3 ቀን እናወርዳለን ይላል። ወደ እኔ የግል ዕቅድም ወርዷል፤ ፈርሜበታለሁ። አሁን ግን የዕለት ሥራዬን አስቡት። አንድ ባለጉዳይ ከሰባት ማስረጃዎች ስድስቱን አሟልቶ ይመጣል፤ ሰባተኛው ደግሞ በራሳችን መዝገብ ቤት ውስጥ ያለ ሰነድ ቅጂ ነው። ፋይሉን ተቀብዬ ሰነዱን ራሴ ባፈላልግ በሦስት ቀን ይጨርሳል። ነገር ግን በኋላ አንድ ስሕተት ቢገኝ «ያልተሟላ ፋይል ተቀብላ» ተብዬ የምጠየቀው እኔ በስሜ ነኝ፤ አንድ ባልደረባችን በዚህ ምክንያት ደመወዟ ተቆርጧል። ባለጉዳዩን አራት ጊዜ ባመላልሰው ግን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አሥራ አምስት ቀኑ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስንፍና የሚመስላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ እኔ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ነው የምገባው።

የውስጥ ኦዲተሩን በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ፋይል ሲመረምሩ የጎደለ ወረቀት ይፈልጋሉ። ሳያስፈልግ የተመለሰ ባለጉዳይን ፈልገው ያውቃሉ?

ስለ ፊርማም ልጨምር። ፋይሉ ከእኔ ተነሥቶ እስከ ማኅተም ድረስ ስድስት ጠረጴዛ ያልፋል። ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ አንብበው ይፈርማሉ፤ የቀሩት ከእነርሱ በፊት የተፈረመውን አይተው ይፈርማሉ። ፊርማው የበዛው ጥራት ለመጨመር ሳይሆን ነገር ቢመጣ ሸክሙን ለብዙ ሰው ለማከፋፈል ነው።


የአስተዳደር ተማሪ፦

ይህ እስካሁን ከተጻፉት ሁሉ ይልቅ ወደ ልቡ የገባ ነው። ማይክል ሊፕስኪ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 በጻፉት ሥራቸው፣ ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙ ሠራተኞች በየዕለቱ የሚወስኗቸው ጥቃቅን ውሳኔዎች ተደምረው የመንግሥት ፖሊሲ ይሆናሉ ብለው ተከራክረዋል። የሦስት ቀኑን ስትራቴጂ ሚኒስቴሩ ቢያጸድቀውም የአሥራ አምስት ቀኑን ፖሊሲ የሚያጸድቀው መስኮቱ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ የሚከተለው የሚቀጣበትን ነው።

ስለ ፊርማዎቹ አንድ ስሌት ላቅርብ። እያንዳንዱ ፈራሚ ጉዳዩን ሳያዘገይ የማሳለፍ ዕድሉ 95 ከመቶ ነው እንበል። ይህ በጣም ጥሩ ሰው ነው። ውሳኔው 20 እንዲህ ያሉ ሰዎችን ማለፍ ካለበት፣ አንዱም ሳያዘገየው የመድረስ ዕድሉ ወደ 36 ከመቶ ይወርዳል። ጄፍሪ ፕሬስማንና አሮን ዊልዳቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ኦክላንድ ከተማ የሥራ ዕድል ለመፍጠር የታቀደ አንድ የፌዴራል ፕሮግራም ለምን እንደተጓተተ ሲመረምሩ 70 የተለያዩ ስምምነቶች ያስፈልጉ እንደነበር ቆጥረዋል። በ70 ላይ እያንዳንዱ 99 ከመቶ ቀና ቢሆን እንኳ ውጤቱ ግማሽ በግማሽ ነው። በዚያ ፕሮግራም ማንም ጠላት አልነበረም፤ ሁሉም ግቡን ይደግፉ ነበር። የመምሪያ ኃላፊው ስለ ሦስቱ ተባባሪ መሥሪያ ቤቶች የተናገሩት በዚህ ስሌት ሲታይ ክብደቱ ይታወቃል፤ በዚያ ነጥብ ላይ እስማማለሁ።


የውስጥ ኦዲተር፦

ከመስኮቱ የመጣውን ጥያቄ በቀጥታ ልመልስ፦ አይ፣ ፈልጌ አላውቅም። የምርመራ መርሐ ግብራችን የሚያዘው የተፈጸመው ክፍያ ወይም የተሰጠው ፈቃድ በማስረጃ የተደገፈ መሆኑን እንድናረጋግጥ ነው። ያልተፈጸመ ነገር ፋይል ስለሌለው እኛ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ሥራችንን በትክክል እየሠራን ሳለ መሥሪያ ቤቱን «አለማድረግ አይጎዳም» ብለን ስናስተምር ኖረናል ማለት ነው። ይህን ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም፤ አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው መርሐ ግብር ላይ የተመለሱ ማመልከቻዎችን ናሙና ለማስገባት ሐሳብ አቀርባለሁ።


ከግል ድርጅት የመጣሁ፦

መፍትሔው ይህን ያህል የተወሳሰበ አይመስለኝም። እኔ ከሠራሁባቸው ድርጅቶች በአብዛኛው ዒላማ ይቀመጣል፣ በየወሩ ይለካል፣ ያሳካ ይሸለማል፣ ያላሳካ ይሰናበታል። ካፕላንና ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቁትን፣ የተቋምን አፈጻጸም ከገንዘብ ባሻገር በሌሎች መለኪያዎችም የሚመዝነውን የተመጣጠነ የውጤት ካርድ በአግባቡ ተግብሮ ሽልማትን ከውጤት ጋር ማያያዝ ቢቻል ባህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይለወጣል። ሚኒስቴሮች የሚጎድላቸው ቆራጥነት ነው።


የአስተዳደር ተማሪ፦

ሐሳቡ ቅን መሆኑን ባልጠራጠርም፣ እውነት መናገር በሚያስቀጣበት ቤት ውስጥ ሽልማትን ከቁጥር ጋር ማያያዝ ምን እንደሚያመጣ በተግባር ታይቷል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ታካሚዎች በ14 ቀን ውስጥ ቀጠሮ እንዲያገኙ ዒላማ አስቀምጦ ነበር፤ የኃላፊዎች የሥራ ምዘናና ሽልማትም ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በፊኒክስ ከተማ ያለው የሕክምና ማዕከል ሲመረመር 1,700 የቀድሞ ወታደሮች ሐኪም እየጠበቁ በይፋዊው ዝርዝር ላይ ግን እንዳልነበሩ ታወቀ። ማዕከሉ የመጀመሪያ ቀጠሮ በአማካይ በ24 ቀን ይገኛል ብሎ ሪፖርት ያደረገባቸው 226 ታካሚዎች ሲመረመሩ፣ በእርግጥ የጠበቁት በአማካይ 115 ቀን ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የመሥሪያ ቤቱ ሚኒስትር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ካርዱ አረንጓዴ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ወረፋ ላይ ነበሩ።

በሌላ በኩል የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደንብና የማዕረግ ባህል ሁሉ እንደ ሸክም መታየቱም ያሳስበኛል። ከኒውዚላንድ አንድ አሳዛኝ ታሪክ ላንሣ። ሚያዝያ 28 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ኬቭ ክሪክ በተባለ ሥፍራ በገደል አፋፍ ላይ የተሠራ የመመልከቻ መድረክ ተደርምሶ 14 ሰዎች ሞቱ፤ አሥራ ሦስቱ ተማሪዎች ነበሩ። መድረኩን የሠራው የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነበር። በምርመራው እንደታወቀው መድረኩን ብቁ መሐንዲስ አልነደፈውም፣ የግንባታ ፈቃድ አልወጣለትም፣ በብሎን መያያዝ የነበረበት እንጨትም በምስማር ተመቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በ1987 ከበርካታ ቀደምት ተቋማት ተውጣጥቶ የተቋቋመ፣ በበጀት እጥረትና በተደጋጋሚ የመዋቅር ለውጥ ውስጥ ያለ ነበር። ሠራተኞቹ ባላቸው ጥቂት ነገር ብዙ ለመሥራት የሚተጉ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ «እንደምንም ብለን እንወጣዋለን» የሚለው ልማዳቸው በሌላ ቦታ ቢሆን የሚመሰገን ነው። በዚያ ቀን የጎደለው ግን፣ ዛሬ ሁላችንም የምንማረርበት፣ «ስሌቱን ሳላይ አልፈርምም» የሚል አንድ ግትር ሰው ነበር።

ስለዚህ በመስኮቱ ላይ ያሉት እኅታችን ከስድስቱ ሁለቱ አንብበው ይፈርማሉ ያሉትን በጥሞና እንያዘው። ስድስቱን ወደ ሁለት መቀነስ ተገቢ ነው፤ የሚቀሩት ግን እነዚያ ሁለቱ አንባቢዎች መሆን አለባቸው። ቅነሳ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚነሡት እነርሱ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚያነቡ ሰዎች ሥራ ያዘገያሉ ተብለው ይከሰሳሉ።


ከግል ድርጅት የመጣሁ፦

ስለ ፊኒክስ አላውቅም ነበር። ሽልማቱን በሚመለከት ሐሳቤን እመልሳለሁ። ሆኖም መለኪያ ጨርሶ ይቅር ካልን ወደ «በሂደት ላይ ነው» መመለሳችን ስለሆነ፣ መለኪያው እንዴት እውነተኛ ሆኖ ይቆያል የሚለውን ሰዎች ከተግባር ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።


የመምሪያ ኃላፊ፦

ይህን ውይይት ለብዙ ቀናት ሳነብ ቆይቼ ነው የምመለሰው፤ በመጀመሪያ ከጻፍኩት ሳልጽፍ የቀረሁት አንድ ነገር ስላለ ነው። ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በመምሪያዬ አንድ ትንሽ ለውጥ አድርጌ ነበር፤ ስለ ባህል እያሰብኩ ያደረግኩት አልነበረም፤ ስብሰባው ስለሚረዝምብኝ ነበር።

የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2001 የጠቅላይ ሚኒስትሩን ዋና ዋና ግቦች የሚከታተል አንድ ትንሽ ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ ማይክል ባርበር ነበሩ የመሩት። ክፍሉ እያንዳንዱን ግብ ከቀይ እስከ አረንጓዴ ባሉ አራት ቀለሞች ይመዝን እንደነበር አነበብኩ። ቀለሙን ወሰድኩ፤ ነገር ግን በእኛ ቤት ሁሉም አረንጓዴ እንደሚሆን ስለማውቅ ሦስት ነገር ጨመርኩ። የወሩ ስብሰባ በቀዮቹ ብቻ ይጀምራል፤ አረንጓዴው በንባብ አይቀርብም፣ ወረቀቱ ይበቃል። ቀይ ይዞ የመጣ ቡድን መሪ ከእኔ የሚፈልገውን አንድ ነገር በጽሑፍ ይዞ ይመጣል፤ እኔም በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ያን ነገር ማድረጌን ወይም አለማድረጌን ከሁሉም በፊት ሪፖርት አደርጋለሁ። ሦስተኛው፣ ሦስት ወር በተከታታይ አረንጓዴ የሆነን ግብ እኔ ራሴ ወደ ሥራው ቦታ ሄጄ አየዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም ቀይ አልመጣም። ስብሰባው በአሥር ደቂቃ አለቀ፤ እኔም ዝም ብዬ በተንኩት። በሦስተኛው ወር አንዲት ወጣት ቡድን መሪ የግዥ ሥራዋን ቀይ አድርጋ መጣች፤ የፈለገችው ለሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስልክ እንድደውልላት ነበር። ደወልኩ፤ በሳምንቱ ተፈታ። በአራተኛው ወር አምስት ቀይ መጣ። በስድስተኛው ወር ከ22 ግቦቻችን 13ቱ ቀይ ነበሩ። ሥራው ከዚያ በፊት ከነበረው የተሻለ እንጂ የባሰ አልነበረም፤ ያየነው ግን ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ነው ወደ መጀመሪያው ክርክሬ የምመለሰው። የ13ቱ ቀይ ሪፖርት ወደ በላይ አመራር ሲደርስ ከሚኒስቴሩ መምሪያዎች ሁሉ የመጨረሻ ሆንን። ተጠርቼ «ሌሎቹ እንዴት ቻሉ?» ተባልኩ። በዚያ ምሽት ቀዮቹን ግማሽ ያህል ወደ ቢጫ ለማዛወር ወረቀቱን አውጥቼ ነበር። ያላዛወርኩት ያቺ ወጣት ነገ ጠዋት ታየዋለች ብዬ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ያስጨነቀኝ ተረቱ ሳይሆን የእርሷ ፊት ነበር። ስለዚህ በጀትና መዋቅርን በሚመለከት ያልኩትን አልተውም፤ ይሁን እንጂ መዋቅሩ ሳይነካ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ በጀት፣ በመምሪያዬ ውስጥ የተለወጠ ነገር መኖሩን መካድ አልችልም። ከመምሪያዬ ጣሪያ በላይ ግን አልወጣም።


በአገልግሎት መስኮት፦

የእኛ ኃላፊ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ መስኮቱ ጀርባ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። እርስዎ አረንጓዴውን ሄደው እንደሚያዩት ስሰማ ደስ አለኝ። አንድ ምክር ብቻ፦ ከመሄድዎ በፊት አያስታውቁ።


የቀድሞ የዕቅድ ባለሙያ፦

የመምሪያ ኃላፊ ሆይ፣ ያ ዳይሬክተር በተነሣበት አዳራሽ ውስጥ እርስዎን የመሰለ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ነው ጽሑፍዎን ያነበብኩት። ይህን ሁሉ ያነሣሁት እኔ ነኝና አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዤ ልመለስ፦ እርስዎ ሲዛወሩ ይህ ልማድ ምን ይሆናል? በራስዎ አነጋገር ሦስት ኃላፊዎች በአራት ዓመት ተፈራርቀዋል። ልማዱ የተተከለው በእርስዎ ወንበር ላይ ከሆነ ከወንበሩ ጋር ይነሣል። በመሥሪያ ቤቱ የሪፖርት ቅጽ ላይ «ከበላይ የተጠየቀ ድጋፍ» እና «የተሰጠ ምላሽ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ቢገቡ፣ የሚመጣው ሰው ባይወደውም እንኳ ባዶ ሆነው ይታዩበታል።


የመምሪያ ኃላፊ፦

ዓምዶቹን ባለፈው ሳምንት በራሳችን ቅጽ ላይ አስገብቼአቸዋለሁ፤ ሚኒስቴሩ ግን ገና አልተቀበላቸውም። ጥያቄዎ በሰዓቱ ነው የመጣው፤ የዝውውር ደብዳቤዬ ደርሶኛል። ተተኪዬ የሚመሩት የመጀመሪያው የወሩ ስብሰባ የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ በርክክብ ላይ ቅጹን ከ11 ቀዮች ጋር አስረክቤያቸዋለሁ። ያቺ ቡድን መሪ ከስብሰባው በኋላ ከቀዩና ከአረንጓዴው የትኛው ቀድሞ እንደተጠየቀ ልትነግረኝ ቃል ገብታለች። እዚህ መጥቼ እጽፍላችኋለሁ።